የዜሮው ዓምድ

አፉላ፣ ከጧቱ ለአንድ ሩብ ጉዳይ፤
ክሊኒኩ ሳይከፈት ሰልፉ ደጃፍ ላይ።
ሁሉም ጦሙን አድሯል፤ ጠቅልሎ እጅጌውን
ሊያስመረምር መጥቷል፣ ሊያስቀዳ ደሙን።
እኔ ከላይኛው ፎቅ፣ ከቁጥሮች ጓዳ፣
ፊት የሚባል አላይ፤ የማየው ሰሌዳ፤
የመጣበት ሰዓት፣ የተጠራበት ሰዓት፣
ይህን ከዚያ መቀነስ ነው የኔ ብልሃት።

ሥራ አስኪያጇ ኦስናት ወረቀት አንሥታ
«አማካዩ አሥራ አንድ ደቂቃ!» አለች በደስታ፤
«ከሰሜን ክሊኒክ ማን አለ እንደኛ?»
ኬክ ተቆረሰ፣ ተባልን አንደኛ።

አማካይ ግን ምንድን ነው?
አንዱ ሁለት በልቶ፣ አንዱ ጦሙን ቢያድር፣
«አንድ አንድ በሉ» ብሎ የሚምል ምስክር።

ስለዚህ ቁጥሮቹን ከመደመር ተውኩ፣
ባዶ ሣጥኖችን ጎን ለጎን ደረደርኩ፤
የአንድ ወሩን ሕዝብ፣
በጠበቀው ልክ፣ አንዱን ባንዱ ጫንኩት፣ እንደ ጡብ፣ እንደ ግንብ።
መጀመሪያ ሣጥኔን አስፍቼው ነበረ፣
ሃያ ሃያ ደቂቃ፤ ጉዱ ተቀበረ።
ወደ አምስት ሳጠበው፣ ስክሪኑ ላይ ድንገት
አንዱ ተራራ ተሰንጥቆ ሆነ ሁለት፤
አንዱ አሥር ግድም፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣
ከዚያ ባዶ ሜዳ፤
ከሜዳው ማዶ፣ አርባ አምስት ላይ፣ ሌላ ጉብታ አለ።

በመስኮቱ አየሁ። ታቦር እዚያ ማዶ፣ ጊብአት ሃሞሬ እዚህ፣
በመሐል የታረሰ ሜዳ።
አባቴ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው የተወለደ፤
«ስሙ ቀድሞን መጥቷል» ይላል።
ጉብታ ያለ አፈር፣ ዓምድ ያለ ሰው አይቆምም።
ደረጃውን ወረድኩ።

በር ላይ ካርዱን ሁሉም ያሳያል፤ መምጣቱ ይጻፋል።
ተራ የሚሰጠው ግን ግድግዳው ላይ ያለ ማሽን ነው፣ ፊቱ ያበራል፤
በዕብራይስጥ፣ በሩስኛ፣ በዓረብኛ፣
ዘጠኝ አኃዝ ያልነካ አይቆጠርም ከእኛ።
እሜቴ ያልጋነሽ፣ የመድኃኒት ፌስታል በጭኗ፣
ስሟን ትጠብቃለች፣ በጆሮዋ፣ በዓይኗ።
«ልጄ፣ ሰው ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ቁጭ ካለ
መጣሁ ማለቱ ነው፤ ምን ማሽን መንካት አለ?»

በማግስቱ ሱሃድ ከመዝገብ ቤት ወንበሯን ይዛ
ማሽኑ ጎን ተቀመጠች።
«ጤና ይስጥልኝ» ማለት አስተማርኳት፤
«ስጥልኝ» ብቻ ነው የሚወጣላት፣ ግን ይበቃል።
በሁለት ሳምንት ያ ጉብታ እንደ ጨው ሟሟ።

አማካዩ ግን ከፋ። አሥራ አራት።
«ሰው ጨምረን ዘገየን?» አለች ኦስናት።

እንደገና ሣልኩት፤ አሁን ዓይኔ ዞረ
ወደ ግራ ጫፍ፣ ወደ ዜሮ። ረጅም ዓምድ ነበረ
ባለፈው ወር፤ ዛሬ ወገቡ ድረስ አጥሯል።
እኔ እኮ «ፈጣን አገልግሎት» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ኬክ ተበልቶበታል።
ለካ ሳይጠራ የወጣውን ሰው፣
ማታ ሲስተሙ ሲዘጋ፣
የመጣበትን ሰዓት ደግሞ የተጠራበት ያደርገዋል፤
መጣ ሲቀነስ መጣ፣ ምንም።
ተስፋ የቆረጠ ሁሉ በኛ መዝገብ
ያልጠበቀ፣ ያልተጉላላ፣ የረካ ደንበኛ ነው።

ዝርዝሩን ከፈትኩ። መቶ አራት ስም።
ያልጋነሽ፣ ሦስት ጊዜ።
ሦስት ጧት ጦሟን መጥታ፣ ሦስት ጊዜ ዜሮ፤
ደሟን እንደያዘች ወጥታለች፣ ማን አይቶ፣ ማን ቆጥሮ!

ኦስናት ሥዕሉን ብዙ አየችው።
«ኬኩን እንመልሰው ይሆን?» አለች። ማንም አልሳቀም።
አሁን ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ተለጥፏል፤ ከሰሜን አምስተኛ ነን።
ሰኞ ያልጋነሽ በሃያ ሁለት ደቂቃ ተጠራች፣
እንደማንም ሰው፣ አንድ ጡብ ሆና ከሣጥኗ ገባች።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ሠላሳ አካባቢ ትንሽ ነገር አብጧል።
አራት ሰው፣ ምናልባት አምስት።
ማን እንደሆኑ ገና አላወቅሁም፤
ደረጃውን እየወረድኩ ነው።